ፔዳላችሁ ሲጮኽ ከመበየጃው በፊት ጆሯችሁን ስጡት

ቤታቸው ቁጭ ብለው የጊታር ፔዳል፣ ማለትም በእግር እየተረገጠ የጊታሩን ድምፅ የሚለውጥ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን፣ የሚሠሩ ወዳጆቼ አዘውትረው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ "ሠርቼ ጨርሻለሁ፣ ድምፁም ያምራል፣ ነገር ግን ይጮኻልና የትኛውን ዕቃ ልቀይር?" የሚል ነው። እኔም የዕቃ ስም ከመጥራቴ በፊት "እንዴት ብሎ ነው የሚጮኸው?" ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዶቹ ይህን እንደ ማምለጫ ይቆጥሩብኛል። ሆኖም ጥዝ የሚል፣ ሽ የሚል፣ የሚያፏጭ፣ ቋ ቋ የሚልና በተረገጠ ቁጥር ጧ የሚል ፔዳል ለእያንዳንዱ የየራሱ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ ሳይለይ መበየጃ የሚያሞቅ ሰው ደግሞ ደኅናውን ሰርኪዩት አበላሽቶ፣ ጩኸቱን ግን እዚያው ትቶት ይነሣል። በእኔ ግምት በቤት ከሚሠሩ ፔዳሎች የሚወጣው አላስፈላጊ ድምፅ አብዛኛው የሚመጣው ከኃይል ምንጩ፣ ከግራውንድ (የሰርኪዩቱ የጋራ ዜሮ መስመር) አያያዝና ከሽቦዎቹ አካሄድ ነው፤ የተበላሸ ሬዚስተር ወይም ርካሽ ቺፕ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው።

ስለዚህ ምርመራው ከውጭ ወደ ውስጥ መሄድ አለበት። ፔዳሉን ከመስመሩ አውጥታችሁ ጊታሩን በቀጥታ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኙት። ጩኸቱ ያኔም ካለ፣ መጠኑ ቢያንስም እንኳ፣ ፔዳሉ ያለ ጥፋቱ ተከሷል ማለት ነው። ቀጥሎ ጊታሩ ላይ ያለውን የድምፅ መጠን ማስተካከያ ወደ ዜሮ አውርዱት፤ በአብዛኞቹ ጊታሮች ዜሮ ላይ ሲደርስ መስመሩ ከግራውንድ ጋር ስለሚገናኝ ከፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጠው ጥቅል ሽቦ) የሚመጣው ሁሉ ይቋረጣል። በዚህ ጊዜ ጩኸቱ ከጠፋ ያመጣው ፒክአፑ ነው። ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ከሆነ ደግሞ ጊታሩን እንደያዛችሁ ቀስ ብላችሁ ባላችሁበት ዙሩ፤ ጥዝታው በአንድ አቅጣጫ በርትቶ በሌላው ከደከመ፣ ክፍሉ ውስጥ ካለ ትራንስፎርመር ወይም ከሌላ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚወጣ መግነጢሳዊ መስክ ፒክአፑ ላይ እያረፈ ነው። ፈዝ ወይም ዲስቶርሽን የተባለው፣ ድምፁን አብዝቶ የሚያሻክረው ፔዳል፣ እንዲህ ያለውን ድምፅ ብዙ እጥፍ አጉልቶ ስለሚያወጣው ሰዎች ፔዳሉ የፈጠረው ይመስላቸዋል፤ የዚህ መፍትሔ ግን ከትራንስፎርመሩ መራቅ፣ የጊታሩን የውስጥ ክፍል በመዳብ ልባስ መሸፈን፣ ካልሆነም ባለ ሁለት ጥቅሉን ሃምባከር መጠቀም ነው።

ጊታሩ ነፃ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ፔዳሉን ለብቻው፣ ሌላ ፔዳል ሳይጨመርበት፣ በአዲስ ባለ 9 ቮልት ባትሪ አስነሡት። ከምርመራዎቹ ሁሉ ብዙ ነገር የሚነግረን ይህ ነው፤ መልሱም ወዲያው ይገኛል። በባትሪ ጸጥ ያለ ፔዳል በአዳፕተር የሚጮኽ ከሆነ ሰርኪዩቱን ለመንካት ምንም ምክንያት የለም። በባትሪም የሚጮኽ ከሆነ ግን አዳፕተር ለመቀየር ገንዘብ ማውጣት ከንቱ ነው። ባትሪው የደከመ እንዳይሆን በቴስተር ለኩት፤ ኃይሉ ያለቀ ባትሪ የውስጥ ተቃውሞው ከፍ ስለሚል ራሱ ሌላ ዓይነት እንከን ይፈጥራል።

በኢንተርኔት የሚገኙት መመሪያዎች አብዛኞቹ በአሜሪካ ሰዎች የተጻፉ በመሆናቸው ስለ 60 እና ስለ 120 ኸርዝ ነው የሚያወሩት። የእኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ስለሆነ መፈለግ ያለብን 50 እና 100 ኸርዝ ነው፤ ይህንን ደግሞ ያለ ምንም መሣሪያ በጊታሩ መለየት ይቻላል። በተለመደው መቃኛ የተቃኘ ጊታር ላይ ስድስተኛውን ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ስትመቱት 98 ኸርዝ የሆነውን ጂ ታገኛላችሁ። ጩኸቱ ከዚህ ድምፅ ጋር ሊገጥም ጥቂት ብቻ ከቀረው፣ ማለትም የአንድ ፍሬት ሲሶ ያህል ከፍ ካለ፣ 100 ኸርዝ ነው፤ ይህም ተለዋዋጩ ኃይል በዳዮዶች ወደ ቀጥተኛ ሲቀየር የሚተርፈውና በደንብ ያልተጣራው ንዝረት ነው፤ ምንጩም በብዛት ትራንስፎርመር ያለው ርካሽ አዳፕተር ይሆናል። ከዚያው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ፣ ለስለስ ባለ ጉምጉምታ የሚሰማው ደግሞ 50 ኸርዝ ሲሆን ያልተሸፈነ ሽቦ፣ የተቆረጠ የኬብል ሽፋን፣ የላላ ግራውንድ ወይም የግራውንድ ዙር መኖሩን ያሳያል። ሰዎች "ያው ጥዝ ይላል" ብለው በአንድ ስም የሚጠሯቸው ሁለቱ ድምፆች በዚህ ፈተና ሲለያዩ የፍለጋው ግማሽ አለቀ ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ስለ ቤታችን የኤሌክትሪክ መስመር ትንሽ ማለት ግድ ይላል። በብዙ አሮጌ ቤቶች ሶኬቱ የመሬት ሽቦ የለውም፤ ወይም ሶኬቱ ላይ የመሬት መገናኛው እያለ ከጀርባው የተገናኘ ሽቦ አይገኝም። እንደነዚህ ባሉ ቤቶች አምፕሊፋየሩም ሆነ የፔዳሉ የብረት ሳጥን ከመሬት ጋር ስላልተገናኙ የሚያነሡትን ድምፅ የሚያሳርፉበት ቦታ የላቸውም፤ ጣታችሁን ክሩ ላይ ስታሳርፉ ጥዝታው የሚቀንሰውም ገላችሁ በተወሰነ ደረጃ ያንን ቦታ ስለሚተካ ነው። ከዚህም በላይ ባለ ሁለት እግሩ ስዊቺንግ አዳፕተር በውስጡ ባለች አነስተኛ ካፓሲተር በኩል ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ውጤት መስመሩ ስለሚያሾልክ፣ ክሩን የነካ እጅ ላይ ነዘር ነዘር የሚል ስሜት ይሰማል። የሚሾልከው መጠን በጣም ትንሽ ቢሆንም ለድምፁ ጥሩ አይደለም። በተቃራኒው፣ የመሬት ሽቦ ባለበት ቤት ውስጥ ጥዝታን ለማጥፋት ሲባል ከአምፕሊፋየሩ ስፒና ላይ የመሬቱን መገናኛ መቁረጥ ወይም በፕላስተር መሸፈን የሚመክሩ አሉ። ይህን ምክር ፈጽሞ አትቀበሉ፤ አምፕሊፋየሩ ውስጥ አንድ ሽቦ ቢላቀቅ 220 ቮልቱ በጊታሩ ክር በኩል እጃችሁ ላይ ይደርሳል፤ ያኔ ፊታችሁ ያለው ማይክሮፎን ከመሬት ጋር የተገናኘ ከሆነ በከንፈራችሁ በኩል ያልፋል። ለጥዝታ ሌላ መፍትሔ አለ፤ ለዚህ ግን የለም።

ወደ አዳፕተሩ ልመለስ። የጊታር ፔዳል በተለምዶ 9 ቮልት ሲፈልግ የስፒናው መሃል ኔጋቲቭ፣ ውጫዊ ክፍሉ ፖዘቲቭ ነው። ቤት ውስጥ በቀላሉ የሚገኙት የዋይፋይ ራውተር አዳፕተሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ መሃላቸው ፖዘቲቭ ስለሆነ በቴስተር ሳይለኩ መሰካት ፔዳል ያቃጥላል። መብራት ሲጠፋ ራውተር እንዲያስቀጥሉ የሚሸጡት ትናንሽ ባትሪዎችና ከፓወር ባንክ 5 ቮልት ተነሥተው 9 ቮልት የሚሰጡ ገመዶች ደግሞ ሌላ ችግር አላቸው፤ ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርገው በውስጣቸው ያለ በፍጥነት የሚበራና የሚጠፋ ማብሪያ በመሆኑ ቀጭን ፉጨት ከኃይሉ ጋር ይልካሉ። የመኪና ባትሪ ወደ 220 የሚቀይሩ ርካሽ ኢንቨርተሮችም የሚያወጡት ሞገድ ማዕዘን ማዕዘን ስላለው አምፕሊፋየሩን ራሱን ያስጮኹታል። መብራት በጠፋበት ምሽት የተሰማን ጩኸት ይዞ ፔዳል መፍታት የማይገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከአዳፕተር ለሚመጣ 100 ኸርዝ ጥዝታ እኔ በምሠራው ፔዳል ሁሉ ከመጀመሪያው የማስገባው አንድ ማጣሪያ አለ። ከኃይል መግቢያው በኋላ 100 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ፣ ከእርሱ በኋላ ደግሞ 100 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ወደ ግራውንድ አደርጋለሁ። ሁለቱ በአንድነት ከ16 ኸርዝ አካባቢ በላይ ያለውን መቀነስ ይጀምራሉ፤ 100 ኸርዝ ላይ ሲደርሱ ንዝረቱን ወደ አንድ ስድስተኛ ያህል ያወርዱታል፤ ከዚያ በላይ ያሉትን ሹል ድምፆች የበለጠ ይቀንሷቸዋል። ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። የሚጠይቀው መሥዋዕት ሬዚስተሩ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ ነው፤ 5 ሚሊ አምፒር የሚበላ ኦቨርድራይቭ (ድምፁን በመጠኑ የሚያሻክር ፔዳል) ላይ ግማሽ ቮልት ብቻ ሲሆን 20 ሚሊ አምፒር የሚበላ ዲጂታል ዲሌይ (የማሚቶ ፔዳል) ላይ ግን 2 ቮልት ስለሚሆን ለእነዚያ ሬዚስተሩን ወደ 22 ወይም 33 ኦም መቀነስ ይሻላል። ከቺፑ እግሮች አጠገብ የምትቀመጥ 100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር ደግሞ ትልቁ ካፓሲተር የማይደርስበትን ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ትይዛለች፤ ቦታዋ ሲርቅ ጥቅሟ ስለሚያንስ እግሩ ሥር ትሁን።

በአንድ አዳፕተር ብዙ ፔዳሎችን በሰንሰለት የሚያገናኙ ሰዎች የግራውንድ ዙር ይሠራሉ፤ ሁለት ፔዳሎች አንድ ጊዜ በኦዲዮ ኬብሉ ሽፋን፣ ሌላ ጊዜ በኃይል ገመዱ ግራውንድ ስለሚገናኙ የአንዱ ጩኸት በሌላው በኩል ያልፋል። ዲጂታል ፔዳልና ፈዝ በአንድ ሰንሰለት ላይ ሲገናኙ የሚሰማው ፉጨት በብዛት የዚህ ውጤት ነው። እያንዳንዱ መውጫው ለብቻው የተለየ የኃይል ምንጭ ይህንን ያስቀራል። እንደ ጥንቱ ፈዝ ፌስ በፒኤንፒ ጀርማኒየም ትራንዚስተር የሚሠሩና ግራውንዳቸው ፖዘቲቭ የሆኑ ፔዳሎች ከሌሎች ጋር በሰንሰለት ከተገናኙ ግን ነገሩ ከጩኸት ያልፋል፤ የአዳፕተሩ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ በኬብሉ ሽፋን በኩል በቀጥታ ይገናኛሉ።

ይህን ለማምለጥ ኔጋቲቭ ቮልቴጅ የሚሰጥ ቺፕ መጨመር የተለመደ ነው፤ ከዚያ ግን አዲስ እንግዳ ይመጣል። ማክስ1044 እና መሰሎቹ የሚሠሩት በትንንሽ ካፓሲተሮች ኃይል እየቀዱ በማዘዋወር ሲሆን የመቅዳት ፍጥነታቸው ከ5 እስከ 10 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ በመሆኑ ጆሮ በግልጽ ይሰማዋል። ጊታሩ ዝም ሲል ከበስተጀርባ ቀጭን፣ የማይለዋወጥ ፉጨት ከሰማችሁና ፔዳሉ ውስጥ እንዲህ ያለ ቺፕ ካለ ሌላ ቦታ አትፈልጉ። የቺፑን አንደኛ እግር ከስምንተኛው ጋር ስታገናኙት ፍጥነቱ ከ20 ኪሎ ኸርዝ በላይ ወጥቶ ከጆሮ ክልል ያልፋል፤ ስሙ ተመሳሳይ ሆኖ ይህ አማራጭ የሌለው ዝርያ ስላለ ግን መጀመሪያ የአምራቹን ሰነድ ተመልከቱ። ኤልቲ1054 የሚባለው ከመነሻው በ25 ኪሎ ኸርዝ ስለሚሠራ ይህ ችግር የለበትም፤ እስከ 15 ቮልትም ይችላል። ማክስ1044 ከ10 ቮልት በላይ ስለማይወድ፣ 9 ቮልት ተብሎ ጭነት ሳይኖርበት 12 እና 13 ቮልት የሚሰጥ አዳፕተር ላይ ሲሰካ በጸጥታ ይሞታል።

አሁን ወደ ሽሽታ እንምጣ፤ ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። "ቲኤል072ን አውጥተህ ኤንኢ5532 አስገባ፣ ጸጥ ይልልሃል" የሚል፣ አንዱን የማጉያ ቺፕ በሌላው ስለመተካት የሚሰጥ ምክር በየቦታው ይገኛል። የአምራቾቹ ሰነድ ላይ ያለው ቁጥር ምክሩን የሚደግፍ ይመስላል፤ የመጀመሪያው በአንድ ስኩዌር ሩት ኸርዝ (የሽሽታ መለኪያ ነው) 18 ናኖ ቮልት ሲያሰማ ሁለተኛው 5 ብቻ ነው። ነገር ግን ያው ሰነድ ሌላ ቁጥርም አለው። ኤንኢ5532 በመግቢያው ላይ 0.7 ፒኮ አምፒር የሚሆን የከረንት ጩኸት ሲኖረው የቲኤል072 ከዚያ ብዙ አሥር እጥፍ ያነሰ፣ 0.01 አካባቢ ነው። የጊታር ፒክአፕ ደግሞ በከፍተኛ ድምፆቹ አካባቢ ኢምፒዳንሱ (ለተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) 100 ኪሎ ኦም ሊደርስና ሊያልፍም ይችላል። 0.7 ፒኮ አምፒር በ100 ኪሎ ኦም ሲባዛ 70 ናኖ ቮልት ይሆናል፤ ማለትም ጊታሩ ያለ በፈር (ኢምፒዳንሱን ዝቅ የሚያደርግ መሸጋገሪያ ደረጃ) በቀጥታ ወደ ቺፑ በሚገባበት ንድፍ ውስጥ "ጸጥተኛው" ቺፕ ከተተካው ይበልጥ ሊያሸሽ ይችላል። በፈር ካለፈ በኋላ፣ ኢምፒዳንሱ ዝቅ ባለበት ቦታ ላይ ግን ኤንኢ5532 በእርግጥ ጥሩ ነው። ቺፕ መምረጥ ያለበት ከፊቱ ያለውን አይቶ ነው።

ከቺፑ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያሸሹት ሬዚስተሮቹ ናቸው። ማንኛውም ሬዚስተር በሙቀት ምክንያት ብቻ ድምፅ አለው፤ 1 ኪሎ ኦም በክፍል ሙቀት በዚያው መለኪያ 4 ናኖ ቮልት፣ 10 ኪሎ ኦም 13 ገደማ፣ 100 ኪሎ ኦም 40 ናኖ ቮልት ያህል ያወጣል። እንግዲህ ከጊታሩ እስከ መጀመሪያው ትራንዚስተር ባለው መንገድ ላይ በተከታታይ 100 ኪሎ ኦም ያስቀመጠ ሰው ምንም ዓይነት ቺፕ ቢገዛ ሽሽታውን አይቀንስም። ያንን ወደ 1 ወይም ወደ 10 ኪሎ ኦም ማውረድ በሳንቲሞች የሚገኝ ለውጥ ነው። ከመግቢያው ወደ ግራውንድ የሚወርደው 1 ሜጋ ኦም ግን አያስፈራችሁ፤ ጊታሩ ሲሰካ ከእርሱ ጋር ጎን ለጎን ስለሚቆም ድምፁን አብዛኛውን ይውጠዋል። አሮጌዎቹ የካርቦን ሬዚስተሮች ቮልቴጅ ሲያርፍባቸው ተጨማሪ ጩኸት ስላላቸው፣ ለጥንታዊነት ፍቅር ካልሆነ በቀር፣ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሜታል ፊልም ተጠቀሙ። ከዚያ በኋላ የሚቀረውን ሽሽታ መቀበል ያስፈልጋል። ቲዩብ ስክሪመር የተባለውን ኦቨርድራይቭ ብንወስድ ድራይቩ (የማጉያው መጠን ማዞሪያ) ሙሉ ሲከፈት በ500 እና በ51 ኪሎ ኦም ድምር፣ ከታች ደግሞ በ4.7 ኪሎ ኦም ምክንያት የማጉያው እጥፍ 118 አካባቢ ይሆናል፤ ከመግቢያው ያለው ትንሽ ሽሽታ ሁሉ በዚሁ ልክ ይጎላል። ድራይቩን ሙሉ ከፍቶ ጸጥታ የሚጠብቅ ሰው ኖይዝ ጌት (ጊታሩ ዝም ሲል ድምፁን የሚዘጋ ፔዳል) ይግዛ።

ፉጨትና ጩኸት ከሽሽታ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ ሰርኪዩቱ ራሱን በራሱ እየመገበ መንዘሩን ያሳያል። አንድ ወዳጄ በቬሮ ቦርድ (ትይዩ የመዳብ መስመሮች ባሉት ቀዳዳማ ሰሌዳ) ላይ የሠራውን ዲስቶርሽን ይዞልኝ መጥቶ ነበር። የጌይኑ (የማጉያው መጠን) ማዞሪያ ግማሽ እስኪደርስ ድረስ ቆንጆ ድምፅ አለው፤ ሦስት አራተኛ ላይ ሲደርስ ሲር ብሎ ይጀምርና ክሩ ሲመታ ይቋረጣል፣ ክሩ ዝም ሲል ይመለሳል። ሽፋኑን ከፍተን እጄን ወደ ውስጥ ሳስጠጋ የፉጨቱ ቅጥነት ተለወጠ፤ ይህ ብቻውን ችግሩ የሽቦ አቀማመጥ መሆኑን ይናገራል። ወዳጄ ንጹሕ ሥራ የሚወድ ሰው ስለሆነ ከመግቢያው ጃክና ከመውጫው ጃክ ወደ እግር ማብሪያው የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ ጎንጉኖ በፕላስቲክ ማሠሪያ አሥሯቸዋል። ማሠሪያውን ቆርጠን በደረቅ የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ሁለቱን ስናራርቃቸው ፉጨቱ ወደ ላይ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። ከዚያ የመግቢያውን ሽቦ በተሸፈነ ኬብል ተካነው፤ ሽፋኑን በአንድ ጫፍ ብቻ ከግራውንድ ጋር አገናኘነው፤ ፔዳሉ ባልበራበት ጊዜ የሰርኪዩቱ መግቢያ ከግራውንድ ጋር እንዲገናኝ አድርገን ማብሪያውን እንደገና ሸቦነው። ባለ ዘጠኝ እግሩ ማብሪያ ላይ መግቢያና መውጫ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ጌይኑ ከፍ ባለ ፔዳል ሁሉ ይህ የመጨረሻው እርምጃ ይጠቅማል።

ሽቦው ተራርቆም ፉጨቱ ካልጠፋ፣ 4.5 ቮልት የሚሰጠውን የመካከለኛ ቮልቴጅ መስመር ተመልከቱ። ሁለት 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ቮልቴጁን ሲያካፍሉ ከመካከላቸው ወደ ግራውንድ የምትወርድ 47 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር መኖር አለባት፤ እርሷ ከተረሳች ወይም ብየዳዋ ካልያዘ የአንዱ ደረጃ ድምፅ በዚህ መስመር ወደ ሌላው ይመለሳል፤ አንዳንዴ ይፏጫል፣ አንዳንዴ ደግሞ ዝግ ባለ ምት ፑት ፑት ይላል። ቬሮ ቦርድ ከሆነ በመስመሮቹ መካከል ስለታም ቢላ አሳልፉ፤ ዓይን የማያየው የብየዳ ክር ሁለት መስመር ሊያገናኝ ይችላል።

ሬዲዮ የሚያሰማ ፔዳል ለሚሰማው ያስቃል፤ ለሚጫወተው ግን አያስቅም። የመጀመሪያው ትራንዚስተር መገጣጠሚያ እንደ ዳዮድ ስለሚሠራ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያን እንደ ጥንቱ ክሪስታል ሬዲዮ ይቀበላል፤ ሲሊከን ትራንዚስተር ያላቸው ፈዞች ይህን በተለይ ያሳያሉ። በመግቢያው 10 ኪሎ ኦም በተከታታይ፣ ከእርሱ በኋላ 100 ፒኮ ፋራድ ወደ ግራውንድ ማድረግ ከ160 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ በላይ ያለውን ስለሚቀንስ የጊታሩን ድምፅ ሳይነካ ጣቢያውን ያደክመዋል። ፈዝ ፌስ ላይ ግን ይህ ሬዚስተር የፔዳሉን ጠባይ ስለሚለውጥ፣ እዚያ ከመጀመሪያው ትራንዚስተር መውጫ እግር (ኮሌክተሩ) ወደ መግቢያ እግሩ (ቤዙ) ጥቂት አሥር ፒኮ ፋራድ ማድረግ ይመረጣል። ጃኩ ሳጥኑን በደንብ መንካቱንም አረጋግጡ፤ ቀለም የተቀባ አሉሚኒየም ላይ ቀለሙ ካልተፋቀ ሳጥኑ ከግራውንድ ጋር አልተገናኘም፤ ያልተገናኘ ሳጥን ደግሞ አንቴና ነው።

ክራር ላይ የፒዬዞ ዲስክ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ክብ ሳህን) ለጥፈው በፈዝ መጫወት የሚፈልጉ ሙዚቀኞች አሉ፤ እኔ እንዲያውም ድምፁን ከጊታሩ አብልጬ እወደዋለሁ። ጥዝታው ግን ከባድ ነው። ዲስኩ እንደ 20 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር የሚቆጠር ስለሆነ በ50 ኸርዝ ኢምፒዳንሱ ከ150 ኪሎ ኦም በላይ ነው፤ ቀጭኑ ያልተሸፈነ ሽቦው በክፍሉ ያለውን የመብራት ኤሌክትሪክ ሁሉ ያነሣል። ይህ ዲስክ በቀጥታ 10 ኪሎ ኦም አካባቢ መግቢያ ካለው ፈዝ ፌስ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ከ800 ኸርዝ በታች ያለው እየሳሳ ስለሚሄድ የክራሩ ወፍራም ክሮች ይጠፋሉ፤ የሚቀረው ቀጭን ድምፅና ሹል ጥዝታ ነው። ከዲስኩ አጠገብ፣ ክራሩ ላይ፣ መግቢያው ከ1 ሜጋ ኦም በላይ የሆነ በአንድ ጄፌት (የትራንዚስተር ዓይነት) የተሠራ በፈር ማስቀመጥና ዲስኩን ከጀርባው በመዳብ ፎይል ሸፍኖ ፎይሉን ከግራውንድ ጋር ማገናኘት ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይፈታል። ፎይሉ የዲስኩን መሃል እንዳይነካ በመካከላቸው ፕላስተር ይግባ።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። ሲረገጥ ጧ የሚል ፔዳል በመግቢያውና በመውጫው ካፓሲተሮች ውጫዊ ጫፍ ላይ 1 ሜጋ ኦም ወደ ግራውንድ ይፈልጋል፤ ኃይል እንደተሰካ የምትሰማው የመጀመሪያዋ ጧታ ግን ጤነኛ ናት። ማዞሪያው ሲዞር ቋ ቋ ካለ ቀጥተኛ ቮልቴጅ ማዞሪያው ላይ እየደረሰ ነው፤ ከፊቱ ያለችው ካፓሲተር ታሾልካለች ወይም በተቃራኒ ገብታለች። ድምፁን በዝግታ በሚያወዛውዙት ትሬሞሎና ፌዘር ውስጥ ጠቅ ጠቅ የሚለው የዘገምተኛው ሞገድ ቺፕ በድንገት የሚስበው ኃይል ስለሆነ እዚያ ቲኤል072ን ኃይል ቆጣቢ በሆነው ቲኤል062 መተካትና ለዚያ ክፍል የብቻው ማጣሪያ መስጠት ይረዳል። በእርሳስ ጫፍ ሲመቱት ቶክ ቶክ የሚል ቦርድ ላይ ድምፁ የሚያልፍበትን የሴራሚክ ካፓሲተር በፊልም ተኩት። ጀርማኒየም ትራንዚስተር ያለ ምክንያት ኩርሽም ኩርሽም ካለ ትራንዚስተሩ ራሱ ነው፤ ሶኬት ላይ አድርጋችሁት ከሆነ ሌላ ሞክሩ። ጠዋት በብርዱ ጥሩ የነበረው ፈዝ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ካገኘው በኋላ ከተበላሸ ግን ትራንዚስተሩን አትጣሉት፤ ጀርማኒየም ሲሞቅ የሚያሾልከው ከረንት ስለሚጨምር የሁለተኛው ትራንዚስተር ኮሌክተር ከ4.5 ቮልት ርቆ ይሆናልና ለኩትና አስተካክሉት።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ጩኸቱ የት እንደሚወለድ ካልታወቀ ኦሲሎስኮፕ መግዛት አያስፈልግም። አንድ አሮጌ የጊታር ኬብል በአንድ ጫፉ ቁረጡ፤ ሽፋኑን ከአዞ አፍ መያዣ ጋር፣ የመሃሉን ሽቦ ደግሞ ከ100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር ጋር በይዱት፤ የካፓሲተሩን ሌላ እግር ከአሮጌ ቴስተር መርፌ ጋር አያይዙ። አዞ አፉ የፔዳሉን ግራውንድ ይያዝ፣ ጃኩ አምፕሊፋየሩ ውስጥ ይግባ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። የፔዳሉን መግቢያ ከግራውንድ ጋር አገናኝታችሁ መርፌውን ከመግቢያው ካፓሲተር ጀምሮ በቤዙ፣ በኮሌክተሩ፣ በሚቀጥለው ካፓሲተር እያላችሁ ውሰዱት፤ ጩኸቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብሎ የሚሰማበት ነጥብና ከእርሱ በፊት ያለው ጸጥ ያለ ነጥብ መካከል ያለው ዕቃ ነው የሚጠረጠረው። ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ 10 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ይዛችሁ የዚያን ደረጃ መግቢያ በእርሷ በኩል ከግራውንድ ጋር አገናኙት። ጩኸቱ ከቆመ የመጣው ከፊት ነው፤ ከቀጠለ እዚያው ወይም ከዚያ በኋላ ነው። መርፌው የኃይል መስመሩንም መስማት ይችላል፤ ከ100 ኦሙ ሬዚስተር በፊትና በኋላ አንዴ አንዴ ንኩት፣ ማጣሪያው ሥራውን መሥራቱን በጆሯችሁ ታረጋግጣላችሁ።

ሲያበቃ ፔዳሉ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ እያለ ጸጥ ስላለ ብቻ አትርኩ። ሽፋኑን በብሎን አጥብቃችሁ ዝጉና ጌይኑን ሙሉ ከፍታችሁ እንደገና ስሙት፤ ሲዘጋ ሽቦዎቹ ተገፍተው ቦታ ስለሚለውጡ የጠፋው ፉጨት ሊመለስ፣ የቦርዱ ጀርባም የብረቱን ሽፋን ነክቶ ፔዳሉ ጭራሽ ድምፅ ሊያጣ ይችላል። ከሽፋኑ በውስጥ በኩል ወፍራም ወረቀት ወይም የኤሌክትሪክ ፕላስተር መለጠፍ ሁለተኛውን ያስቀራል፤ ለመጀመሪያው ግን ብሎኑን እንደገና ፈትቶ ሽቦዎቹን ማስተካከል ነው።